የኤልኢዲ ስፋትና የአንጸባራቂ ምርጫ፦ በመተማ ቆላ ለሌሊት ሥራ በሚውሉ የእጅ ባትሪዎች ላይ የቀረበ አጭር ጥናት

መግቢያ

ሰሊጥ የማይታገሥ ሰብል ነው። በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ቆላዎች ክረምቱ ወጥቶ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር የፍሬ ማቀፊያው ከታች ወደ ላይ እየበሰለ ይከፈታል፤ አጨዳው ጥቂት ቀናት ከዘገየ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ሰሊጡን አጭዶ፣ በነዶ አስሮና «ሂላ» በሚባለው ክምር አቁሞ ለማድረስ ከጊዜ ጋር ይሽቀዳደማል። የቀኑ ሐሩር ደግሞ ሥራውን ወደ ማታና ወደ ሌሊት ይገፋዋል። በእነዚህ ሰዓታት አጫጁ የሚያየው የእጅ ባትሪው የሚያሳየውን ብቻ ነው።

ይህ ተራ የምቾት ጉዳይ አይደለም። ጥቁሩ መሬት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁና በነዶው ሥር እባብና ጊንጥ ይጠለላሉ። በአብደራፊ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከካላዛር ሕክምና ጎን ለጎን በእባብ የተነደፉ ሰዎችን ሲያክሙ ቆይተዋል፤ ከታካሚዎቹም ብዙዎቹ ለእርሻ ሥራ የወረዱ ወቅታዊ ሠራተኞች ናቸው። በሌላ በኩል የከብት ጠባቂውና የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ ጥበቃ ሠራተኛ የሚሹት ብርሃን ሌላ ነው። በአላጥሽ አንበሶች መኖራቸው በ2008 ዓ.ም. በካሜራ ወጥመድ በተነሣ ምስል ተረጋግጧል፤ በእንዲህ ያለ ስፍራ ሌሊቱን የሚያድር ሰው ከእግሩ ሥር ይልቅ ሩቅ ያለውን ማየት ይፈልጋል።

የእጅ ባትሪ ሲበላሽ ወይም ሲደክም ጠጋኙ ዘንድ ይቀርባል። ኤልኢዲው ከተቃጠለ በቦታው ሌላ፣ ብዙ ጊዜም ከፊተኛው የሚበልጥ ይበየዳል፤ አንጸባራቂው ግን የቀድሞው ይቀራል። ከዚህ አሠራር በስተጀርባ «ኤልኢዲው ከተለቀ ሩቅ ያበራል» የሚል እምነት አለ። ይህ ጽሑፍ እምነቱ ለምን የተሳሳተ እንደሆነ በስሌት ያሳያል፤ ትልቅ ኤልኢዲ በየትኛው አንጸባራቂ ወይም ሌንስ፣ ለየትኛው ሥራ እንደሚስማማም ይመረምራል። «ባትሪ» የሚለው ቃል በአማርኛ መብራቱንም የኃይል ማከማቻውንም ስለሚጠራ፣ ከዚህ በታች መብራቱ «የእጅ ባትሪ»፣ ማከማቻው ደግሞ ሕዝቡ እንደሚለው «ድንጋይ» ተብሎ ይጠቀሳል።

ስፋት የሚባለው የትኛው ነው?

ኤልኢዲ ሲለካ ሁለት ስፋቶች ይምታታሉ። አንደኛው የማቀፊያው፣ ማለትም በሰሌዳው ላይ የሚበየደው ጠፍጣፋ አካል ስፋት ነው። ሁለተኛው በማቀፊያው መካከል ያለው፣ ብርሃኑ በትክክል የሚወጣበት ቢጫ ገጽ ስፋት ነው። አንጸባራቂው የሚያውቀው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

ልዩነቱን ለመረዳት ክሪ የተባለው ኩባንያ ያመረታቸው ሦስት ኤልኢዲዎች ጥሩ ምሳሌ ይሆናሉ። ኤክስፒ-ኢ፣ ኤክስፒ-ጂ እና ኤክስፒ-ኤል ሦስቱም 3.45 ሚሜ በ3.45 ሚሜ የሆነ ማቀፊያ አላቸው፤ አንዱ በሌላው ቦታ ላይ ያለ ምንም ችግር ይበየዳል። ሆኖም የመጀመሪያው ብርሃን አመንጪ ገጽ ወደ 1 ካሬ ሚሜ፣ የሁለተኛው ወደ 2፣ የሦስተኛው ወደ 4 ካሬ ሚሜ ይጠጋል። በጎን ሲለኩ 1፣ 1.4 እና 2 ሚሜ ማለት ነው። ሦስቱን በተራ በአንድ አንጸባራቂ ውስጥ ያስገባ ሰው ሦስት የተለያዩ ብርሃኖች ያያል። በአንጻሩ ኤክስኤም-ኤል 5 ሚሜ በ5 ሚሜ የሆነ ማቀፊያ ቢኖረውም የሚያበራው ገጹ ከኤክስፒ-ኤል ጋር ተመሳሳይ ነው። ጠጋኙ ማቀፊያውን ብቻ ለክቶ «ይህ ይበልጣል፣ ይህ ያንሳል» ሲል የሚሳሳተው በዚህ ምክንያት ነው።

በኤልኢዲው ላይ ያለው ግልጽ ጉልላትም ግምት ውስጥ ይገባል። ጉልላቱ ገጹን እንደ ማጉያ መነጽር አጉልቶ በጎን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ስለሚያሳየው፣ ለአንጸባራቂው «የሚታየው» ስፋት ከቺፑ ስፋት ይበልጣል። የሚታየውን ስፋት ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ኤልኢዲውን በጣም በደከመ ጅረት አብርቶ፣ ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጦ፣ በስልክ ካሜራ ከፊት ለፊት ማንሣት ነው።

በገበያ ላይ በብዛት የሚታየው፣ ራሱ ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተተው የእጅ ባትሪ ይህንኑ ነገር ሳያስበው ያስተምራል። ብርሃኑ እስከ መጨረሻው ሲጠብ በግድግዳ ላይ አራት ማዕዘን ቅርጽ ይታያል፤ ያ ቅርጽ የቺፑ ምስል ነው። ቺፑ በሰፋ ቁጥር ምስሉ ይሰፋል እንጂ አይደምቅም።

በአንድ አንጸባራቂ ላይ የተደረገ ስሌት

የእጅ ባትሪ አንጸባራቂ በአብዛኛው የፓራቦላ ቅርጽ አለው። የትኩረት ርዝመቱ በቁጥር ስለማይጻፍበት ጠጋኙ በማስመሪያ ሊያገኘው ይገባል። የአፉ ራዲየስ ራ፣ ከኤልኢዲው ገጽ እስከ አፉ ያለው ጥልቀት ጥ፣ የትኩረት ርዝመቱ ት ቢባሉ የሚከተለው ይሆናል፦

ት = (√(ጥ² + ራ²) − ጥ) ÷ 2

ለምሳሌ አፉ 40 ሚሜ፣ ጥልቀቱ 30 ሚሜ የሆነ አንጸባራቂ እንውሰድ። ራ 20 ስለሆነ ት 3 ሚሜ ያህል ይመጣል። የፓራቦላ ጠባይ ሌላም ነገር ይነግረናል፤ በትኩረት ነጥቡ ደረጃ ላይ ያለው የአንጸባራቂው ስፋት የትኩረት ርዝመቱ አራት እጥፍ፣ በዚህ ምሳሌ 12 ሚሜ ነው። ስለዚህ የግርጌ ቀዳዳው በጣም የጠበበ አንጸባራቂ የትኩረት ርዝመቱም አጭር ነው ብሎ መገመት ይቻላል፤ በእንዲህ ያለው ውስጥ ትልቅ ኤልኢዲ በግድ ቢገባ እንኳ በወጉ አይሠራም።

አሁን በዚህ አንጸባራቂ ውስጥ ሁለት ኤልኢዲዎችን እናስብ። አንደኛው ከ1 ካሬ ሚሜ የሚታይ ገጽ 200 ሉመን፣ ሌላው ከ4 ካሬ ሚሜ 800 ሉመን ያወጣል። የሁለተኛው ብርሃን አራት እጥፍ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር የሚያወጣው ብርሃን፣ ማለትም የገጹ ድምቀት፣ በሁለቱም እኩል ነው። በርቀት የሚደርሰውን ብርሃን የሚወስነውም ይኸው ድምቀት ነው፤ በመሀል መስመሩ ላይ ያለው የብርሃን ብርታት የገጹ ድምቀት፣ የአንጸባራቂው የፊት ስፋትና የአንጸባራቂው ብቃት ብዜት ነውና። የኤልኢዲው ስፋት በቀመሩ ውስጥ ቦታ የለውም። የግርጌ ቀዳዳውን ቀንሰን የፊት ስፋቱን 1,141 ካሬ ሚሜ፣ ብቃቱን 85 በመቶ ብንወስድ፣ ሁለቱም ኤልኢዲዎች ወደ 61,800 ካንዴላ ይሰጣሉ። ብርሃኑ ወደ 0.25 ሉክስ እስኪወርድ ድረስ ያለው ርቀት፣ ይህም በዓለም አቀፍ ንግድ «የብርሃን ርቀት» ተብሎ በካርቶን ላይ የሚጻፈው ነው፣ በሁለቱም 497 ሜትር ያህል ይሆናል።

ታዲያ የተጨመረው 600 ሉመን ወዴት ሄደ? ወደ ጎን። የመሀሉ ክብ በስፋት አራት እጥፍ ሆነ፤ ርቀቱ ግን አንድ ሜትር እንኳ አልጨመረም።

ይህም ቢሆን ድንጋዩ አራት እጥፍ ኃይል እንዲሰጥ ሲፈቀድለት ነው። በቆላው የሚገጥመው እውነታ ግን ተቃራኒው ነው፤ ድንጋዩም የጅረት መቆጣጠሪያውም ያው የቀድሞው ሆኖ ኤልኢዲው ብቻ ይለወጣል። ያው 200 ሉመን ከ4 ካሬ ሚሜ ሲወጣ ድምቀቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ብርታቱ 15,400 ካንዴላ፣ ርቀቱ 249 ሜትር ይሆናል። ከብቱን የሚጠብቀው ሰው ገንዘብ ከፍሎ የቀድሞውን ርቀት ግማሽ ይዞ ይመለሳል ማለት ነው። ለእርሱ የሚሻለው ጠፍጣፋ ገጽ ያለው፣ ጉልላት የሌለው፣ ትንሽና ደማቅ ኤልኢዲ ነው፤ የኦስራም ኦስሎን ብላክ ፍላት ዓይነቱ 1 ካሬ ሚሜ ያህል ገጽ አለው። ከዚያ በላይ ርቀት ከተፈለገ መስፋት ያለበት የአንጸባራቂው አፍ ነው።

ትልቁን ኤልኢዲ ይዞ የብርሃኑን ጥበት እንዳለ ማቆየት የሚፈልግ ሰው ደግሞ መላውን አንጸባራቂ በዚያው ልክ ማሳደግ ግዴታው ነው። ብዙ ጥቃቅን ቺፖች በአንድ ቢጫ ሽፋን ሥር የተደረደሩበት፣ ሲኦቢ የሚባለው ኤልኢዲ 9 ሚሜ ስፋት ቢኖረው፣ በምሳሌያችን አንጸባራቂ በ2 ሚሜ ኤልኢዲ የተገኘውን ጠባብ ብርሃን ለማግኘት የአፉ ስፋት ከ40 ወደ 180 ሚሜ ማደግ አለበት። ይህም የድሮው ላንድሮቨር የፊት መብራት ያህል ነው። በ40 ሚሜው ውስጥ ከገባ ግን አንጸባራቂው እንደ ተራ የሚያብለጨልጭ ማንቆርቆሪያ ከመሆን አያልፍም።

ለአጫጁ የሚበጀው

እስካሁን ትልቁ ኤልኢዲ ጥፋተኛ መስሎ ቀርቧል። የአጫጁ ሥራ ግን በ500 ሜትር ርቀት ላይ አይደለም፤ ማጭዱ ከሚደርስበት እስከ ሦስትና አምስት ሜትር ባለው ክልል ውስጥ ነው። በዚህ ክልል ትልቅ ኤልኢዲ ከትክክለኛው ሌንስ ጋር የተሻለ ምርጫ ይሆናል።

መነሻው ድንጋዩ ነው። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ 18650 የሚባለው ሊቲየም ድንጋይ 2,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ቢይዝ 7.4 ዋት ሰዓት ያህል ኃይል አለው። በስምንት ሰዓት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ሰዓት የሚደርሰው ከ1 ዋት ያነሰ ነው። ከጅረት መቆጣጠሪያው ብክነት በኋላ፣ ኤልኢዲው በዋት 120 ሉመን ቢሰጥ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚዘልቀው ብርሃን 100 ሉመን አይሞላም። ድንጋዩን ለመሙላት ፀሐይን ወይም ከተማ የሚሄድ መኪናን ለሚጠብቅ ሠራተኛ የብርሃን በጀቱ ይህ ነው፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሺህ ሉመን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚሆን ነው።

ይህ 100 ሉመን ከላይ ባየነው 40 ሚሜ አንጸባራቂ፣ 4 ካሬ ሚሜ ገጽ ባለው ኤልኢዲ ቢበራ ምን ይሆናል? በሦስት ሜትር ርቀት የመሀሉ ክብ 860 ሉክስ ያህል ይደርሰዋል፤ የዚህ ደማቅ እምብርት ስፋት ግን ከሁለት ስንዝር አይበልጥም። አንጸባራቂውን ሳይነካ በቀጥታ የሚወጣው 31 በመቶ ብርሃን ለዳሩ 3.5 ሉክስና ከዚያም ያነሰ ይሰጠዋል። በመሀሉና በዳሩ መካከል ያለው ልዩነት ከ200 እጥፍ በላይ ነው። ዓይን ራሱን የሚያስተካክለው ለደማቁ ስለሆነ፣ ዳሩ በመሣሪያ ሲለካ ብርሃን ቢኖረውም ለሰውየው ጨለማ ነው። ነዶውን የሚያይ ሰው ከነዶው አንድ ክንድ ርቆ የተጠቀለለውን እባብ የማያየው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ላይ ብርቱው መብራት ከደካማው ይልቅ አደገኛ ነው ብሎ መናገር የሚያስደፍር ይመስለኛል።

ያው 100 ሉመን በሌንስ አልፎ በ60 ዲግሪ ማዕዘን ውስጥ እኩል ቢሠራጭ፣ 15 በመቶው ባክኖ እንኳ በሦስት ሜትር ርቀት 11 ሉክስ ያህል ይሰጣል፤ የሚያበራው ክብም ወደ 3.5 ሜትር ስፋት አለው። ሙሉ ጨረቃ ለመሬት የምትሰጠው ብርሃን ከሩብ ሉክስ ብዙም እንደማይርቅ ሲታሰብ 11 ሉክስ ለማጨድ፣ ነዶ ለማሰርና እግር የሚያርፍበትን ለማየት በቂ ነው። በዚህ አገልግሎት የትልቁ ኤልኢዲ ጥቅም ሁለት ነው። በአንድ ካሬ ሚሜ የሚያልፈው ጅረት ስለሚያንስ ለአንድ ዋት የሚሰጠው ሉመን ይጨምራል፤ ሙቀቱም በሰፊ ገጽ ስለሚወጣ ቀኑን በፀሐይ የዋለ የእጅ ባትሪ ማታ ሲበራ ጫናው ይቀልለታል።

ስለ ብርሃኑ ቀለምም አንድ ነገር መጨመር ያሻል። ሰማያዊ የበዛበት ነጭ ብርሃን ከቢጫማው ይልቅ በአጠቃላይ ብዙ ነፍሳትን ይስባል። በቆላው ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትንቀሳቀሰው በሌሊት ነው፤ ተመራማሪዎች ለጥናት ሲሰበስቧት ከሚጠቀሙባቸው መሣሪያዎች አንዱም የመብራት ወጥመድ ነው። ቢጫማ ኤልኢዲ መምረጥ አጎበርን አይተካም፤ ዋጋው ተመሳሳይ ከሆነ ግን ነጩን የሚያስመርጥ ምክንያት የለም። ቢጫማው በዋት የሚሰጠው ሉመን በጥቂቱ ያንስ ይሆናል፤ ለዚህ ሥራ የሚከፈል ዋጋ ነው።

ሌንሱን መምረጥና መግጠም

ለሰፊ ብርሃን ሁለት መንገዶች አሉ፤ ጥልቀቱ አነስ ያለ፣ ገጹ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የሻከረ አንጸባራቂ፣ ወይም ብርሃኑን በፕላስቲኩ ውስጥ በሙሉ ውስጣዊ ነጸብራቅ የሚመራ ሌንስ። እኔ ሁለተኛውን አስቀድማለሁ፤ አንጸባራቂ በቀጥታ የሚወጣውን ብርሃን መቆጣጠር አይችልም፣ ይህ ሌንስ ግን ከኤልኢዲው የሚወጣውን ብርሃን በሞላ ጎደል ሁሉ ይሰበስባል።

የሌንሱ ማዕዘን የሚነበበው ከተጠቀሰለት ኤልኢዲ ጋር ብቻ ነው። እንደ ፊንላንዱ ሌዲል ወይም እንደ እንግሊዙ ካርክሎ ያሉ አምራቾች በመረጃ ወረቀታቸው ላይ ለአንድ ሌንስ የተለያዩ ማዕዘኖችን በኤልኢዲው ዓይነት ለይተው የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው። «10 ዲግሪ» የተባለ ሌንስ ያ ማዕዘን የተለካው በ1 ሚሜ ቺፕ ከሆነ በ2 ሚሜው 10 ዲግሪ አይሆንም፤ ጠባብ በሆኑት ሌንሶች ላይ ማዕዘኑ ከቺፑ ስፋት ጋር ተቀራራቢ በሆነ ልክ ያድጋል። ሰፊ ማዕዘን ያላቸውና ገጻቸው የሻከረ ሌንሶች ግን ለኤልኢዲው ስፋት ያን ያህል አይጨነቁም። የመረጃ ወረቀት ለማያገኝ ጠጋኝ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

በሌንሱ ግርጌ ያለው ጉድጓድ ሁለተኛው መለኪያ ነው። የሚታየው ገጽ በሙሉ በጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ዙሪያውን ትርፍ ቦታ መኖር አለበት፤ ካልሆነ የዳሩ ብርሃን ከሌንሱ ውጭ ያፈተልካል። ሌንሱ ኤልኢዲውን መንካትም አይገባውም። አብዛኞቹ የሚሠሩበት አክሪሊክ የሚባለው ፕላስቲክ በ100 ዲግሪ ገደማ ይለሰልሳል፤ ፖሊካርቦኔት የተሻለ ሙቀት ይችላል። ከሌንሱ ፊት መስታወት ማድረግ ጥቂት ብርሃን ይቀንሳል፤ ሆኖም በቆላው አቧራ በልብስ ጫፍ የሚጠረግ ፕላስቲክ በአንድ የምርት ወቅት ስለሚጫጫር መስታወቱ ቢኖር ይመረጣል።

በአንጸባራቂ የሚቀጥል ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ከፍታውን ይጠንቀቅ። የትኩረት ርዝመቱ 3 ሚሜ በሆነበት የግማሽ ሚሜ ስሕተት ትልቅ ነው። የአዲሱ ኤልኢዲ ገጽ ከቀድሞው ከፍ ወይም ዝቅ ካለ በመሀሉ ጥቁር ቀዳዳ ያለው የቀለበት ቅርጽ ብርሃን ይታያል፤ ጥፋቱም የኤልኢዲው ይመስላል። መፍትሔው ኤልኢዲውን መሀል የሚያስይዘውን የፕላስቲክ ቀለበት ማሳነስ ወይም ከሥሩ ስስ ነገር መጨመር ነው። ይህ ቀለበት ብረቱ አንጸባራቂ ከብየዳ ነጥቦቹ ጋር እንዳይገናኝም ይከላከላል፤ አውልቆ የጣለው ጠጋኝ ድንጋዩን በአጭር ዑደት ሊያጋይ ይችላል። እንደ ኤክስኤችፒ 50 ያሉ፣ በአንድ ማቀፊያ አራት ቺፖች ያሏቸው ኤልኢዲዎች በለስላሳ አንጸባራቂ ሲገቡ በመሀል የመስቀል ቅርጽ ጥላ ሊጥሉ ይችላሉ፤ የሻከረው ገጽ ይህን ጥላ ያጠፋዋል። እነዚህ ኤልኢዲዎች እንደ አሠራራቸው 6 ወይም 12 ቮልት ስለሚፈልጉ በአንድ ሊቲየም ድንጋይ ያለ ቮልቴጅ ከፍ አድራጊ ሰሌዳ አይበሩም።

የተሠራውን ለመፈተሽ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ለሩቅ ማብሪያ የሚሆነውን የእጅ ባትሪ ማታ ከግድግዳ አምስት ሜትር ርቆ ማብራት፣ በስልክ የብርሃን መለኪያ የመሀሉን ሉክስ ማንበብና በ25 ማባዛት ካንዴላውን ይሰጣል፤ የካንዴላው ካሬ ሥር ሲታጠፍ ደግሞ በሜትር የብርሃን ርቀቱ ነው። የስልክ ንባብ ፍጹም ባይሆንም ያው ስልክ በፊትና በኋላ ከተለካበት ለማነጻጸር ይበቃል። ለአጨዳ የሚሆነውን ለመፈተሽ ግን ግድግዳው አይጠቅምም። መሬት ላይ የገመድ ቁራጭ ጥሎ፣ ሦስት ሜትር ርቆ ቆሞ፣ ዓይንን በነዶው ላይ ተክሎ ገመዱ ከነዶው አንድ ክንድ ወደ ጎን ሲርቅ ይታይ እንደሆነ ማየት ይሻላል፤ ይህንንም ጠጋኙ ሳይሆን የሚያጭደው ሰው ራሱ፣ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ቢያደርገው።